ስለ ኤሌክትሪክ መኪናና ስለ ገዢው እምነት

ሰው የማያውቀውን ዕቃ ሲገዛ ገንዘቡን ብቻ አይሰጥም፤ እምነቱንም አብሮ ይሰጣል። ገንዘብ ቢጠፋ በሥራ ይመለሳል፤ እምነት ግን አንድ ጊዜ ከተሰበረ ሻጩና ሹሙ ተባብረው ቢጠግኑት እንኳ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ዛሬ ይህን ቃል ለመጻፍ ያነሣሣን፥ ከቻይና አገር በብዛት ስለሚገባው በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚሄደው መኪና በሕዝቡ መካከል የሚነገረው ልዩ ልዩ ወሬ ነው። አንዱ «ቆሞ ሳለ በእሳት ይያያዛል» ይላል፤ ሁለተኛው «ጎርፍ ከነካው የተሳፈረበትን ይገድላል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የቻይና ዕቃ ዕድሜ የለውም» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። በሌላው ወገን ደግሞ የዋጋውን መርከስና የመልኩን ማማር ብቻ አይቶ፥ ባትሪው ከምን እንደ ተሠራ፥ ሲበላሽም ማን እንደሚጠግነው ሳይጠይቅ፥ የዕቁቡንና የጥሪቱን ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ አለ። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች ሚዛኑን ስተዋል፤ አንደኛው ሳይመረምር ይፈራል፥ ሁለተኛውም ሳይመረምር ያምናል።

ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ ማስታወስ ይገባል። መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በ 2022 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ለሚሄዱ መኪናዎች ቀረጡን አቀለለ፤ ተፈታተው ለሚመጡት የጉምሩክ ቀረጡን ፈጽሞ አነሣ፥ በከፊል ተገጣጥመው ለሚመጡት 5 ከመቶ፥ ሙሉ ሆነው ለሚመጡት 15 ከመቶ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ክቡር ዶክተር ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለሕዝብ እንደራሴዎች አስታወቁ። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ግን ከገዛ ወንዞቻችን ይገኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የገዛ ውሃው መብራት ሲሰጠው ሳለ የሰው አገር ቤንዚን የሚሸምት ሕዝብ፥ ጎተራው ሞልቶ ሳለ እህል ከገበያ የሚገዛን ገበሬ ይመስላል።

እንግዲህ አሳቡ መልካም ስለ ሆነ እንደግፈዋለን። ነገር ግን መልካም አሳብ የሚጸናው በአፈጻጸሙ ነው። ባለ ሥልጣኖች እንደ ተናገሩት በአገራችን መንገድ ላይ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከ 100,000 በላይ ደርሰዋል። ይህን ያህል ብዛት በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲገባ፥ የሚመረምረው ዓይን፥ የሚጠግነው እጅና የሚፈርደው ሕግ በዚያው መጠን መፋጠን አለበት፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል። መንግሥት ሌላውን በር ዘግቶ አንዱን ብቻ በከፈተ ጊዜ፥ በዚያ በከፈተው በር የሚገባውን ሁሉ የመመርመር ዕዳ በራሱ ላይ ወስዷልና፤ ገዢው «ካልወደድኸው ሌላ ግዛ» ሊባል አይቻልም።

የባዕድ አገር ዕቃ ማመንና አለማመን ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የማርትሬዛን ብር ሲቀበሉ በቸልታ አልተቀበሉም። በላዩ 1780 የሚለው ቁጥር መኖሩን ያያሉ፤ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና በዘውዷ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራሉ፤ ምልክቱ የጠፋውን ወይም የተለወጠውን ይመልሳሉ። ያ ብር በቪየና ብቻ ሳይሆን በኋላ ዘመን በሮማም በሎንዶንም ተመትቶ ነበር፤ ሆኖም ሕዝቡ «በየት አገር ተመታ» ብሎ አልጠየቀም፥ «ልኩና ምልክቱ ተጠብቋልን» ብሎ ጠየቀ እንጂ። እንደዚሁም በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ከፍቶ ያያል፥ ኰቴዋን ያነሣል፥ ኮርቻዋን አስወርዶ ጀርባዋን ይመለከታል፥ ከዚያም ሻጩን ዋስ ያስጠራል። የእምነት መሠረቱ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ የታወቀ ልክ፥ ቀጥሎ የገዢው ምርመራ፥ በመጨረሻም ተጠያቂ የሆነ ዋስ። በ 1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ባመጣ ጊዜም ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ተቀምጠው ሞከሩት እንጂ በወሬ አልተቀበሉትም፥ በወሬም አልናቁትም።

አሁን ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ነገሩ እንግባ። የውጭ አገር ነገር በምንናገርበት ቦታ ሁሉ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

በመጀመሪያ «የቻይና ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ለምስጋናም ለነቀፋም አይበቃም። በ 2005 ዓ.ም. ላንድዊንድ የተባለው የቻይና መኪና በጀርመን አገር ከግንብ ጋር ተጋጭቶ በተፈተነ ጊዜ የነጂውን ስፍራ እጅግ አጣሞ ስለ ተገኘ በአውሮፓ ሁሉ መሳለቂያ ሆኖ ነበር፤ በ 2007 ዓ.ም. የተፈተነው ብሪሊያንስ የተባለውም ከአምስቱ ኮከብ አንዱን ብቻ አገኘ። ዛሬ የሚነገረው ጥርጣሬ ብዙው ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በ 2022 ዓ.ም. ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ መርማሪ ማኅበር ለቢዋይዲ አቶ 3 እና ለኤምጂ 4 አምስቱንም ኮከብ ሰጠ። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው የቻይና መኪና ሁሉ ደኅና ነው» የሚል ቢኖር፥ በ 2023 ዓ.ም. የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ መርማሪዎች ኤምጂ 5 ለተባለው ለዚያው ፋብሪካ የቤንዚን መኪና አንድ ኮከብ እንኳ እንዳልሰጡት ይወቅ። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መኪናዎች፥ አንዱ ሙሉ ምስጋና፥ ሁለተኛው ባዶ እጅ ሆኑ። ስለዚህ ገዢ መጠየቅ ያለበት ስለ አገሩ ስም ሳይሆን ስለ ሞዴሉ፥ ስለ ተሠራበት ዓመትና ለየትኛው ገበያ እንደ ተሠራ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራውና ለቻይና ገበያ የተሠራው በስም አንድ ቢሆኑ እንኳ በኤርባግ ቁጥርና በሌላ መሣሪያ ሊለያዩ ይችላሉና፤ የአንዱ ኮከብ ለሁለተኛው አይቈጠርለትም።

ሁለተኛ ስለ እሳቱ ነው። እውነቱ እንዲህ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚን መኪና ይልቅ አዘውትሮ አይቃጠልም፤ ሲቃጠል ግን ለማጥፋት ያስቸግራል። የስዊድን መንግሥት የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ስለ 2022 ዓ.ም. ባወጣው መዝገብ፥ ከ 100,000 የኤሌክትሪክና የድብልቅ መኪናዎች የተቃጠሉት አራት እንኳ አልሞሉም፤ የሁሉም ዓይነት መኪናዎች በአንድነት ሲቈጠሩ ግን ከ 100,000 ውስጥ 68 ተቃጥለዋል። በእርግጥ በኋለኛው ቁጥር ሰው በክፋት ያቃጠላቸውም ይገኛሉ፤ የቤንዚን መኪናዎችም በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ቀንሰን ብናየው እንኳ «ቆሞ ሳለ ይነዳል» የሚለው ወሬ ከልኩ ያለፈ መሆኑ ይታያል። ስለ ጎርፉ የሚወራውም እንዲሁ ነው፤ ባትሪው ውሃ እንዳያስገባ ተደፍኖ የሚሠራ ስለ ሆነ ዝናብ አያስፈራውም፤ የሚያስፈራው ድፍኑ በድንጋይ ተመትቶ ወይም በክፉ ጥገና ተከፍቶ ሳለ ውሃ ሲገባበት ነው።

ባትሪውም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከኒኬልና ከኮባልት ጋር የሚሠራ ነው፤ ይህ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል፥ ሆኖም ሙቀትን የመቻል ትዕግሥቱ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ነው፤ ይህ ኃይሉ ከፊተኛው ቢያንስም ሙቀትን አጥብቆ ይችላል። ቢዋይዲ በ 2020 ዓ.ም. ያወጣው «ብሌድ» የተባለው ባትሪ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ሲሆን፥ ሚስማር ሲተከልበት አለመቃጠሉን በአደባባይ አሳይቶ ነበር። ገዢ ሻጩን «ባትሪው ከየትኛው ወገን ነው» ብሎ ቢጠይቅ አላዋቂ አያሰኘውም፤ መመለስ ያልቻለው ሻጭ ግን የሚሸጠውን አያውቅም ማለት ነው።

የቻይና መንግሥትም በዚህ ነገር አልተኛም። በ 2020 ዓ.ም. የወጣው ደንብ፥ ባትሪው መጋል ቢጀምር እሳቱ ወደ ሰው ከመድረሱ አምስት ደቂቃ አስቀድሞ ለተሳፋሪው ምልክት እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። በ 2025 ዓ.ም. የወጣውና ከ 2026 ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ እንዲጸና የተቆረጠው ደንብ ግን አምስት ደቂቃውን ትቶ፥ ጨርሶ እንዳይቃጠልና እንዳይፈነዳ ያዝዛል፤ ደግሞም ባትሪው ከታች በኩል ተመትቶ እንዲፈተን ይጨምራል። ይህ የታችኛው ምት ለእኛ እጅግ የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ ባትሪው በመኪናው ሆድ ሥር ተዘርግቶ ይኖራልና። በአስፋልት የሚኖር ነጂ ሆዱን ባይመረምር ይምረው ይሆናል፤ ድንጋይ በበዛበት በገጠሩ መንገድና ከልኩ በላይ በተሠራ ጉብታ ላይ የሚመላለስ ነጂ ግን በየጊዜው ከታች ማስመርመር አለበት። እዚህ ላይ ልብ ይባል፤ አዲሱ ደንብ የሚገዛው ወደ ፊት የሚሠሩትን እንጂ አሁን በእጃችን ያሉትን አይደለም። ስለዚህ የቀድሞዎቹን የመጠበቅ ሥራ በቻይና ሕግ ላይ የሚጣል አይሆንም፤ የራሳችን ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ፥ መኪናው በየትኛው መንገድ እንደ መጣ ነው። ወደ አገራችን ከሚገቡት ብዙዎቹ በፋብሪካው ወኪል በኩል የመጡ አይደሉም፤ አስመጪው ከቻይና ገበያ ገዝቶ፥ በመርከብ ጭኖ፥ በጅቡቲ በኩል ያስገባቸው ናቸው። ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ ጎዳና ዘወትር የሚታየው ቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ሕዝብ ብቻ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው መኪና በመስተዋቱ ላይ የሚወጣው ጽሕፈት በቻይና ፊደል ነው፤ መሙያውም በቻይና ልክ የተሠራ ነው። ነጂው ቀይ ምልክት ሲበራበት፥ መኪናው «ፈጥነህ ውጣ» ይበለው ወይም «ውሃ ጨምርልኝ» ይበለው አያውቅም። አምስት ደቂቃ አስቀድሞ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ለማያነብበው ሰው ምን ይጠቅመዋል?

የዋስትናም ነገር እንደዚሁ ነው። የቻይና መንግሥት ፋብሪካዎች ለባትሪውና ለዋናዎቹ ክፍሎች የ 8 ዓመት ወይም የ 120,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና እንዲሰጡ አዝዟል። ሆኖም ይህ ዋስትና የተሰጠው በዚያው አገር ለሚነዳው ነው እንጂ ባሕር ተሻግሮ ያለ ወኪል ለገባው አይደለም። ከዚህም የከፋ አለ። በጥቅምት 2025 ዓ.ም. ቢዋይዲ ከ 115,000 በላይ የሆኑትን ታንግና ዩዋን ፕሮ የተባሉትን መኪናዎቹን፥ በአሠራራቸውና በባትሪው በኩል ጉድለት ስለ ተገኘባቸው ለጥገና መልሶ ጠራቸው። ይህ ነውር አይደለም፤ ጉድለቱን ገልጦ የሚጠራ ፋብሪካ ከሚሸሽገው ይልቅ የታመነ ነው። ነገር ግን ጥሪው የሚደርሰው ስሙ በፋብሪካው መዝገብ ለተጻፈው ባለቤት ነው። ከእነዚያ መኪናዎች አንዱ በእጅ አዙር ተሸጦ ደሴ ወይም ሐዋሳ ቢገኝ፥ ባለቤቱን ማን ይጠራዋል? በማን ጋራዥስ ይጠገንለታል? ይህ ጥያቄ እስካልተመለሰ ድረስ ገዢውን «እመን» ማለት፥ ዋስ ሳይጠሩ በቅሎ እንደ መሸጥ ነው።

የቻይና መንግሥት ራሱ ይህን ጉድለት ተመልክቶ፥ ከ 2026 ጥር 1 ቀን አንሥቶ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ያለ ፈቃድ ከአገሩ እንዳይወጡ ደንግጓል፤ የደንቡም አሳብ ፋብሪካው የማያውቃቸው ነጋዴዎች ያለ ጥገና ዋስትና መኪና በባዕድ አገር እየበተኑ የፋብሪካዎቹን ስም እንዳያጠፉ ነው። ሻጩ አገር ለስሙ ይህን ያህል ከተጨነቀ፥ ገዢው አገር ለሕይወቱ ምን ያህል ሊጨነቅ ይገባው ይሆን!

አራተኛ ስለ ማስታወቂያ ቃል ጥቂት እንበል። በመጋቢት 2025 ዓ.ም. በቻይና በአንሁዊ አውራጃ ሻዎሚ ኤስዩ 7 የተባለው መኪና በራሱ መሪነት በሰዓት ከ 100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ ቆይቶ፥ ነጂዋ መሪውን በተቀበለች በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ከሲሚንቶ አጥር ጋር ተጋጭቶ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ የቻይና ባለ ሥልጣኖች ፋብሪካዎቹን ሰብስበው «በራሱ ይነዳል» የሚል ማስታወቂያ እንዳይነገር ከለከሉ፤ እንደዚሁም የበሩ መያዣ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ እንዳይሆን፥ በእጅም የሚከፈት እንዲሆን ከ 2027 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የሚጸና ደንብ ቆርጠዋል። በእኛ አገር ግን ያን የተከለከለውን ቃል እስከ ዛሬ ደጋግሞ የሚናገር ሻጭ አይጠፋም። መኪና ነጂውን ይረዳዋል እንጂ አይተካውም፤ የመንገዱ መስመር በጠፋበት፥ በግና አህያ በሚያቋርጡበት ጎዳና ደግሞ ርዳታውም የሚታመን አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መፍራትም ማመንም በቂ አለመሆኑን ካየን፥ መንገዱ አባቶቻችን በብሩና በበቅሎዋ ያሳዩን ነው፤ ልክ፥ ምርመራ፥ ዋስ።

ልክን በሚመለከት፥ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ለባትሪው፥ ለመሙያውና ለማስጠንቀቂያው ቋንቋ የሚወስነው ልክ በጉምሩክ በር ላይ በእርግጥ የሚጠየቅ መሆን አለበት። አንድ መኪና ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ወይም አገሩ በሚያውቀው በሌላ ቋንቋ ሳይነበብ፥ የባትሪው ጤና በወረቀት ሳይመሰከር፥ ታርጋ ባይሰጠው ማንም አይበደልም። በተለይም ተነድቶ ለሚመጣው አሮጌ መኪና የባትሪው ጤና ዋናው ነገር ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ዋጋው በእርሱ ላይ ነውና።

ምርመራን በሚመለከት፥ በየዓመቱ በሚደረገው የመኪና ምርመራ ፍሬንና መብራት ማየት ብቻ አይበቃም፤ የሆዱን ድፍንና የባትሪውን ሁኔታ ማየት መጨመር አለበት። መካኒኮቻችን ብልኆች ናቸው፤ ነገር ግን በ 400 ቮልት ኃይል ላይ ብልኅነት ያለ ትምህርት ሞት ነው። ለእሳት አደጋ ሠራተኞችም የትኛው ሞዴል ኃይሉ ከየት እንደሚቆረጥ የሚያሳይ መጽሐፍ በእጃቸው ሊኖር ይገባል፤ የባትሪ እሳት ጠፋ ከተባለ በኋላ ከሰዓታት ቆይታ ተመልሶ ሊነሣ ይችላልና፥ ብዙ ውሃና ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ዋስን በሚመለከት፥ አስመጪ የሆነ ሁሉ ያስገባውን የእያንዳንዱን መኪና የሻንሲ ቁጥርና የገዢውን ስም መዝግቦ እንዲይዝ፥ ፋብሪካውም ጥሪ ባደረገ ጊዜ ለባለቤቱ እንዲያስታውቅ ቢገደድ ታላቅ ሥራ ይሆናል። መዝገቡ በመንገድ መሥሪያ ቤቶች አስቀድሞ ስላለ ከጥሪው ዝርዝር ጋር ማስተያየት ከባድ አይደለም። ሕጉም ባዶ አይደለም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢው ስለሚገዛው ዕቃ በቂና እውነተኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ በ 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭን ስለ ዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። የጎደለው ሕጉን በዚህ በአዲሱ ዕቃ ላይ የሚያውል ትጉህ እጅ ነው።

ገዢውም ከራሱ ድርሻ ነጻ አይደለም። ቀላሉን ግን ብዙ ቤት ያቃጠለውን ነገር አንርሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚስበው ኃይል ከ 3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ 7 ኪሎ ዋት የሚስብ መሙያ እንግዲህ ሁለት ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ ተጥዶ እንደ ማደር ይቈጠራል። ይህን ሁሉ በአሮጌ ቀጭን ሽቦና በተቀጣጠለ ማከፋፈያ ላይ የሚጭን ሰው፥ ቤቱ ቢቃጠል ቻይናን ሊወቅስ አይገባውም። በመጀመሪያ ሽቦውን በባለ ሙያ ያስመርምር፥ መሬት ገመዱንም ያስገጥም።

በመጨረሻም የደብር አስተዳዳሪዎችና ካህናት፥ ሕዝቡ የሚሰማችሁና ምክር የሚጠይቃችሁ ስለ ሆናችሁ አንድ ቃል እናሳስባችኋለን። ዛሬ ገንዘቡን በዕቁብ አጠራቅሞ መኪና ሊገዛ የተነሣ ምእመን ወደ እናንተ መጥቶ «ልግዛ ወይስ ልተው?» ሲል፥ የመንደሩን ወሬ አትመልሱለት። «ወኪል አለውን? ባትሪው ተመርምሯልን? ጽሑፉን ታነብበዋለህን? ሽቦህ ይችለዋልን?» ብላችሁ አራቱን ጥያቄ መልሱለት። አራቱን ከመለሰ ያለ ፍርሃት ይግዛ፤ አንዱ ከጎደለው ደግሞ እስኪሟላ ይታገሥ። ሹማምንትም ይህንኑ አራቱን ጥያቄ ገዢው ሳይጠይቃቸው በፊት በጉምሩክ በር ላይ ቢጠይቁ፥ ሕዝቡ በራሱ ጊዜ ያምናል። እምነት በአዋጅ አይታዘዝም፤ ልኩ የታወቀ፥ የተመረመረና ዋስ የተጠራበት ዕቃ በገበያ ሲበዛ ግን ሳይጠሩት ይመጣል።